ስክሮል ሶዬን ጥዬ ሌላ ልገዛ ስል

ማሽኗ ማርጀቷን የነገረችኝ ዐይኑ «ዐ» ናት። ለገጣፎ ከምኖርበት ግቢ ሁለት ቅያስ ራቅ ብሎ ላለ መዋዕለ ሕፃናት 33ቱን ፊደላት ከዋንዛ ቆርጬ ልሰጥ ቃል ገብቼ ነበር። ጣውላው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ከሀሌታው «ሀ» ጀምሬ ስቆርጥ ጠርዙ ሸካራ እየሆነ ቢያስቸግረኝም በብርጭቆ ወረቀት እያስተካከልኩ አልፌው ነበር። «ዐ» ላይ ስደርስ ግን የመሃሏ ክብ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ወደ ላይ ስገፋው አልወጣም አለ፤ ወደ ታች ስጫነው ሾልኮ ወረደ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ክብ በሁለቱም ወገን መውጣት አለበት። በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጎኑ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ሰያፍ ሆኗል፤ ምላጩ ጋደል ብሎ እየቆረጠ ነው ማለት ነው። እንጨቱ የሚያርፍበት ገበታ ዘሞ እንደሆነ ብዬ በማዕዘን መለኪያ አየሁት፤ ገበታው ደህና ነው።

ስክሮል ሶው ለማያውቅ ሰው፦ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውን ቀጭን ምላጭ በሁለት ክንዶች መሃል ወጥራ ወደ ላይና ወደ ታች የምትነዳ የጠረጴዛ መጋዝ ናት። የመስቀል ጥልፍልፍ፣ ፊደል፣ የልጆች መጫወቻ እንስሳ፣ የተገጣጠመ ካርታ የሚቆረጠው በእሷ ነው። በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ጂግሶው፣ ኮምፔንሳቶ ለመክፈል ጥሩ ነው፤ በእርሳስ የተሳለ ጠባብ መስመር ተከትሎ መጠምዘዝ ግን አይሆንለትም። እኔ በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። እንጨት የምሠራው ማታ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነው። ማሽኗን የገዛኋት ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ፈርኒቸር ቤት ሲዘጋ ነው፤ ያኔም ያገለገለች ነበረች። ከምላጩ እስከ ኋላው ምሰሶ ያለው ክፍተቷ 16 ኢንች ነው፤ ለቤት ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

እንደ ብዙው ሰው መጀመሪያ የወቀስኩት ምላጩን ነበር። በአንድ ምሽት አምስት ምላጭ ተሰበረብኝ። ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ሳያቸው አምስቱም የተሰበሩት የምላጩን ጫፍ ነክሶ ከሚይዘው ከላይኛው መንከሻ ሥር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ምላጭ ደንዝዞ ወይም እንጨቱ በግድ ተገፍቶበት ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው እንጨቱ ከሚነካው ቦታ አካባቢ ነው። ሁልጊዜ መንከሻው ሥር እየተበጠሰ ከሆነ ግን የላይኛውና የታችኛው መንከሻ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፤ ብረቱ በእያንዳንዱ ምት እዚያች ቦታ ላይ እየታጠፈ ደክሞ ነው የሚለቀው። ለዚህ አዲስ ምላጭ መፍትሔ አይሆነውም። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ከሰው ለምኜ ያመጣሁትን ግማሽ ደርዘን ጨረስኩ።

ነገሩን በደንብ የሰማችው ባለቤቴ ናት። ማዶ ወጥ ቤት ሆና እንጀራ እየጋገረች «ያንተ ማሽን ዛሬ ደግሞ ታንኳኳለች እኮ!» አለችኝ። እኔ ማሽኗ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጆሮዬ ለምዶት አልሰማሁትም ነበር። በቀጣዩ ቀን አጥፍቼ ልመረምራት ተቀመጥኩ።

ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም ማለት ይቻላል። ሶኬቱን ንቀሉ፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ምላጩን አውጡና የላይኛውን ክንድ ጫፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግፉት። ደህና ማሽን ላይ ክንዱ አይነቃነቅም፤ የእኔዋ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ትሄድ ነበር። ቀጥሎ ክንዱን ወደ ላይና ወደ ታች በቀስታ አንቀሳቅሱት። ዲናሞው ሳይዞር ክንዱ ትንሽ መንገድ «ጠቅ» ብሎ የሚሄድ ከሆነ ልቅነቱ ያለው የዲናሞውን ዙር ወደ ላይና ወደ ታች በሚቀይረው አጭር ክንድ ላይ ነው፤ መካኒኮች ቢየላ ይሉታል። የጎን ልቅነት ከሆነ ግን ኋላ ያለው የክንዱ ማጠፊያ ነው። ሦስተኛው፣ ምላጩን መልሳችሁ ወጥሩና ትንሽ የማዕዘን መለኪያ ጎኑ ላይ አስጠግታችሁ ዲናሞውን በእጃችሁ አዙሩት። በምላጩና በመለኪያው መሃል ያለው ብርሃን ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። የእኔ ላይ ምላጩ ሲወርድ ብርሃኑ እየሰፋ፣ ሲወጣ እየጠበበ ይሄድ ነበር። የዐይኗ «ዐ» ምሥጢር እዚያች ብርሃን ላይ ነበር።

ከመፍታታችሁ በፊት በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ብሎንና ሮንዴላ በወጣበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ሰክታችሁ ቁጥር ጻፉበት። ይህን የምለው ሁለት ሮንዴላ የት እንደነበሩ ጠፍቶኝ ማሽኗን ሁለት ጊዜ መልሼ ስለፈታሁ ነው። እነዚያ ስስ ሮንዴላዎች ክንዱን መሃል ላይ የሚያቆሙት ናቸው፤ አንዱ ወደ ተሳሳተ ወገን ከሄደ ምላጩ እንደገና ይጋደላል።

ውስጧን ስከፍት ያገኘሁት በቅባትና በእንጨት ዱቄት የተጋገረ ጥቁር ሊጥ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስትንጫረር እየሰማሁ የመኪና ዘይት በየቀዳዳው አፈስባት ነበር። ዘይቱ ዱቄቱን ይዞ እንደ ሞረድ ብረቱን ሲበላው ኖሯል። በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። ከታጠበ በኋላ የታየው ይህ ነው፦ ቢየላው ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ኩሽኔታዎች አልቀዋል፤ የኋላው ማጠፊያ ላይ ያሉት ሁለት የነሐስ ቀለበቶች፣ ቡሽንግ የሚባሉት፣ ቀዳዳቸው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ሆኗል፤ የላይኛው መንከሻ ብሎን ጥርሱ ተልጧል። ዲናሞው፣ መቆሚያው፣ ክንዶቹ፣ ገበታው ሁሉም ጤነኛ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤን የለወጥኩት። ጥያለሁ ብዬ የነበረው ማሽን ውስጥ ያለቀው ነገር በሙሉ መዳፌ ላይ ይሞላል። አንዱም የእሷ ብቻ የሆነ፣ ከፋብሪካዋ መታዘዝ ያለበት ዕቃ አይደለም።

ኩሽኔታ የሚገዛው በማሽኑ ስም አይደለም፤ በቁጥሩ ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ዱቄት ጠርጋችሁ ካያችሁት ተጽፏል። የእኔዎቹ 608 ናቸው፤ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ በ60 ወይም በ62 የሚጀምር ባለ አራት አኃዝ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የውስጡን ቀዳዳ ይነግሯችኋል፦ 00 ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር፣ 01 ከሆነ 12፣ 02 ከሆነ 15፣ 03 ከሆነ 17 ነው፤ ከ04 ጀምሮ በ5 ታባዙታላችሁ። ስለዚህ 6000 ቁጥሩ ተልጦ ቢጠፋ እንኳ ውስጡ 10፣ ውጩ 26፣ ውፍረቱ 8 መሆኑን ለክታችሁ ትደርሱበታላችሁ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉትንም ፊደላት ተመልከቱ። «ዜድ ዜድ» ካለ ጎኑ በብረት ነው የተሸፈነው፤ «ሁለት አር ኤስ» ካለ በላስቲክ ታሽጓል። ለእንጨት ዱቄት ላስቲኩን ውሰዱ። ዋንዛ ሲቆረጥ የሚወጣው ዱቄት ደቃቅ ስለሆነ በብረት ሽፋኑ ጠርዝ ሾልኮ ይገባል።

ቅዳሜ ጠዋት በመገናኛ በኩል መርካቶ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መንደር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ 608 እና የ6200 ቤተሰብ ኩሽኔታዎች የትም ትንሽ ሞተር ውስጥ ስለሚገቡ እዚያ አይጠፉም። የመጀመሪያዎቹን በጣም ርካሽ ስላገኘኋቸው ተደስቼ ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ማሽኗ ማንኳኳት ጀመረች። ሁለተኛ ስሄድ ተምሬ ነው የሄድኩት። አሁን ከመግዛቴ በፊት እንዲህ አደርጋለሁ፦ የውስጡን ቀለበት በአንድ ጣቴ ይዤ የውጩን በቀስታ አዞራለሁ። ጥሩ ኩሽኔታ እንደ ማር ይዞራል፤ አይንገጫገጭም፣ በአንድ ምት እንደ ጨዋታ አይሽከረከርም፤ ውስጡ ቅባት አለውና። እልም ብሎ እየጮኸ ብዙ የሚሽከረከር ቅባት የሌለው ነው። በልጅነታችን ለጋሪ ጎማ የምንፈልገው ኩሽኔታ እንደዚያ የሚሽከረከረውን ነበር፤ ለማሽን ግን ተቃራኒው ነው የሚፈለገው። ቀጥሎ ቀለበቶቹን ወደ ጎን ነቅነቅ አደርጋለሁ፤ አዲስ ሆኖ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ መልሼ እሰጣለሁ።

ሲገጠም ደግሞ ኩሽኔታ በመዶሻ አይመታም። በዙሪያው አቅፎ የሚይዘው ቀዳዳ (ቤቱ) ውስጥ የሚገባ ከሆነ የሚገፋው የውጩ ቀለበት ብቻ ነው፤ ዘንግ ላይ የሚገባ ከሆነ የውስጡ ብቻ። በተሳሳተው ቀለበት በኩል ከተገፋ ኃይሉ በኳሶቹ ውስጥ አልፎ ገና ሳይሠራ ያበላሸዋል። እኔ የውጩን ቀለበት ያህል ስፋት ያለው ቡሶላ (የብሎን መፍቻ ራስ) ከኋላው አድርጌ በሞርሳ ቀስ እያልኩ ጠበቅኩት፤ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ገባ።

ቡሽንጎቹ ግን ሱቅ የሚገኙ አልነበሩም። ያለቁትን ሁለቱን ቀለበቶች በጨርቅ ጠቅልዬ አንዲት ጠባብ ቶርኖ ቤት ይዤ ገባሁ። ባለቤቱ ሸበቶ ሰው ናቸው። ቀለበቶቹን ወደ መብራቱ አቅርበው አዩና «ዘንጉስ?» አሉኝ።

«ቤት ነው ጋሼ፤ እሱ ደህና ነው።»

«ደህና መሆኑን በምን አወቅህ? ቀለበቱ እንዲህ ሆኖ ዘንጉ ደህና አይሆንም። ሁለቱ ሲፋጩ ነው የኖሩት። ዘንጉን ሳታመጣ እኔ በምን ልክ ልብሳው ልጄ?»

ተመልሼ በሳምንቱ ዘንጉን አመጣሁ። እውነታቸውን ነው። ዘንጉን በጥፍሬ ስዳስሰው ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ እሳቸው በካሊፐር ሲለኩት መሃሉ ከጫፎቹ በሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቀጥኗል። አዲስ ዘንግ ከብረት፣ ሁለት ቀለበቶች ከነሐስ አወጡልኝ፤ ለእያንዳንዱ ቀለበትም ከላይ ዘይት መስጫ ቀዳዳ በሱልኝ። የመንከሻውንም የተላጠ ጥርስ ከኤም 5 ወደ ኤም 6፣ ማለትም ከባለ 5 ወደ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ አሰፉት። ሁሉም አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሥራውን ለማሠራት የምትሄዱ ከሆነ ክንዱን፣ ዘንጉንና ቀለበቱን ሦስቱንም አብራችሁ ውሰዱ፤ ከለገጣፎ ሁለት ጊዜ መመላለስ ከታክሲው ወጪ በላይ ቀኑን ነው የሚበላው።

ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ይህን በምታነቡበት ጊዜ ይቀየራልና። ግን ኩሽኔታው፣ ቶርኖው፣ ብሎኑና መመላለሻው ተደምሮ ያን ሰሞን ለእንዲህ ያለች አዲስ ማሽን ከተጠየቅኩት ዋጋ አንድ ስድስተኛውን አልሞላም።

ካርቦኖቹን፣ ለሚዞረው የዲናሞው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ትናንሽ የከሰል ቁራጮች፣ እግረ መንገዴን አየኋቸው። ካርቦን ያላት ማሽን ከሆነች ከዲናሞው ግራና ቀኝ ሁለት የፕላስቲክ ክዳኖች ይኖራሉ። የካርቦኖቹ ርዝመት ከ6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ አትቀይሩ። ልኩ ከጠፋ ትንሽ ተለቅ ያለ ገዝታችሁ ብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሻችሁ ወደ ልኩ ማውረድ ይቻላል፤ በቤቱ ውስጥ ግን ሳይጣበቅ መንሸራተት አለበት። ዱቄት የሚነፋው የላስቲክ ወናፍም ተሰንጥቆ ስለነበር በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክና በማስቲሽ ለጠፍኩት፤ እስካሁን ይሠራል።

ገጥሜ ስጨርስ ወዲያው ወደ እንጨት አልሄድኩም። መጀመሪያ በእጄ አዞርኳት፣ ከዚያ ባዶዋን አምስት ደቂቃ አስኬድኳት። ከዚያ ምላጩን ወጠርኩ። የምላጭ ውጥረት በዓይን አይታወቅም፤ በጆሮ ነው። እንደ ክራር ጅማት በጥፍራችሁ ንኩት። ደንቆሮ ድምፅ ከሰጠ ልል ነው፤ ጥርት ያለ፣ ቀጠን ያለ ድምፅ እስኪሰጥ ጨምሩ። ጥርሱ ወደ ታች ማየቱን በጣታችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ፤ ተገልብጦ ከገባ እንጨቱን ከገበታው ላይ እያነሳ ይመታል። ሌላ ዋንዛ ላይ «ዐ»ን ደግሜ ቆረጥኩ። የመሃሏን ክብ ከታች ገፋሁት፣ ወጣ። ገልብጬ ገፋሁት፣ ወጣ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ከዚያ ወዲህ ቡሽንጎቹን የማጠጣው የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው፤ በየአሥር ሰዓት ሥራ አንዳንድ ጠብታ፣ የተረፈውን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ግራሶም የሞተር ዘይትም አላስጠጋም።

ሁሉም ማሽን ግን ይጠገናል አልልም። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ጓደኛዬ የእኔን ሰምቶ የእሱን ይዞ መጣ። የእሱ ላይ ክንዱ ራሱ፣ ቀልጦ የተጣለው አሉሚኒየም፣ ማጠፊያው አጠገብ ተሰንጥቋል። ሁለት ጊዜ አስበየደው፤ ሁለቱም ጊዜ በወር ውስጥ ከብየዳው ጎን ተሰነጠቀ። ክንዱ በደቂቃ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ የሚመላለስ ነገር ነው፤ ስንጥቅ አንዴ ከጀመረው አያቆምም፣ ሲሰበር ደግሞ ፊታችሁ ከእሱ አንድ ክንድ አይርቅም። ክንድ ወይም መቆሚያ ከተሰነጠቀ በብየዳ አትልፉ፤ ማሽኗን ቀይሩ። ዲናሞ ሲቃጠል ግን ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፤ ዲናሞ ጠቅላዮች ዘንድ ወስዳችሁ ዋጋ ጠይቁና ከአዲሷ ጋር አስተያዩ።

እሱ ሌላ ሲገዛ አብሬው ዞርኩ። ሻጭ ሁሉ የሚያወራው ስለ ፍጥነትና ስለ ዋት ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው መንከሻውን ነው። ጫፋቸው ላይ ትንሽ ዘንግ ያላቸውን ምላጮች ብቻ የሚይዝ ከሆነ አልገዛም። ያ ዘንግ እንዲያልፍ ጥልፍልፉ ውስጥ ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ መብሳት አለባችሁ፤ የላሊበላ መስቀል ላይ ግን ቀዳዳው ራሱ ከዚያ ያንሳል። ጫፉ ልሙጥ የሆነ ምላጭ በ1.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይገባል። ሁለቱንም የሚይዝ መንከሻ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ቀጥሎ ክብደቷን እዩ፤ ቀላል ማሽን ትንቀጠቀጣለች። ቀጥሎ ጎኗን አስከፍቼ የኩሽኔታዎቹን ቁጥር አያለሁ፤ ሻጩ ቅር ቢለውም። ሶማሌ ተራ የማላገኘው ቁጥር ከሆነ ማሽኗ ስታረጅ ብቻዬን ነኝ።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ማሽን ከሆነ ሌላ ነገር አለው። እዚያ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ እዚህ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያወርደዋል፤ ማሽኖቹ ብዙ ጊዜ ከ200 ዋት በታች ስለሚወስዱ 500 ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር ሳይግል ይችለዋል። ኸርዙን፣ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግረውን ቁጥር፣ ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። ካርቦን ያለውና ፍጥነቱ በመዘውር የሚስተካከለው ዓይነት ለዚህ ግድ የለውም። ካርቦን የሌለው፣ በአንድ ፍጥነት ብቻ የሚሄደው ግን እዚያ በደቂቃ 1725 የሚዞረው እዚህ ወደ 1425 ይወርዳል፤ ደግሞም ከልኩ በላይ ይግላል። ስለዚህ አምጡልኝ ከማለታችሁ በፊት ፍጥነቱ የሚቀየር መሆኑን ጠይቁ።

መብራት ሲሄድ እጃችሁ መጀመሪያ ወደ ማብሪያው ይሂድ። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ አያስጠነቅቅም፤ አንድ ቀን ምላጭ እየቀየርኩ ማሽኗ በራሷ ተነሥታ ጣቴን ለጥቂት ሳተችው። ከዚያ ወዲህ ምላጭ ስቀይር ሶኬቱ ተነቅሎ ፊት ለፊቴ፣ የማየው ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት።

የቀረው ምላጭ ነው፤ ለእኛ ከማሽኑ ይልቅ የሚቸግረው እሱ ነው። የሚሸጠው በደርዘን ነው፤ ቀላል ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ሰው ኪስ ውስጥ አምስት ደርዘን ይይዝላችኋል። የምላጩን የመጠን ቁጥር ጽፋችሁ ስጡት፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ዋንዛ ቁጥር 5 ወይም 7 ይሆናል። ሲቸግራችሁ ወርቅ ሠሪዎችን ጠይቁ፤ በእጅ መጋዛቸው የሚጠቀሙበት ምላጭ ጫፉ ልሙጥ፣ ርዝመቱም 130 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መንከሻው ውስጥ ይገባል። ግን ለብረት የተሠራ ነውና ጥርሱ ደቃቅ ነው፤ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ በወፈረ እንጨት ላይ አትሞክሩት፤ ዱቄቱ ጥርሱ ውስጥ ታሽጎ ጠርዙን ያቃጥለዋል።